ባለችበት ብትቆይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ጠዋት ተነስቼ፣ ቁርሴን ቀምሼ፣ ወንበር ስቤ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ልሙቅ እላለሁ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ እግሬ መንገድ ያምረዋል። ለልጄ የደብረ ብርሃን ብርድ ለተቀመጠ ሰው አይመችም እያልኩ ምክንያት እሰጣታለሁ። እውነቱ ግን ብርዱ አይደለም። አንድ ክንድ ተኩል የምትሆን ቀጭን ብረት ይዤ፣ መሬት ሥር ከተቀበረ የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ወደ ሌላው እዞራለሁ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ውሻ ፈርታ ነው የያዘቻት ይል ነበር። ኋላ መንገድ ዳር አጎንብሼ የብረቷን አንድ ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን ከጆሮዬ ኋላ ሳደርግ ሲያዩኝ፣ "ወይንሸትን ጡረታው ነካት" ማለት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ የውሃ ሥራ ነው ካልኩ ይበቃል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ቧንቧ ስቆፍርና ስቀብር ኖሬያለሁ። ደመወዙን የሚያውቀው ያውቀዋል፣ ስለሱ ወረቀት አላባክንም። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዴ በእኔ ላይ፣ አንዴ ደግሞ በእኔው እጅ።

ሥራ የጀመርኩት አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ ቦኖ ጠባቂ ሆኜ ነው። ሴቶቹ እንስራና ጄሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ፣ እኔ ከፍቼ እሞላለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። አንኮበርን የሚያውቅ ሰው ቁልቁለቷን ያውቃል። ከላይ የተለቀቀ ውሃ እታች እስኪደርስ ኃይል ያጠራቅማል፤ በድንገት ሲዘጋበት መሄጃ አጥቶ ቧንቧውን ይደበድበዋል፣ መገጣጠሚያውን ፈልቅቆ ይወጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ቦኖውን ቶሎ ስዘጋው ከመሬት ሥር የሚመታ ድምፅ እሰማ ነበር። ድምፁ አላስችል ሲለኝ ቀስ እያልኩ መዝጋት ጀመርኩ። የሌሎቹ ቦኖዎች መስመር በየጊዜው ሲፈነዳ የእኔ አልፈነዳም።

ጋሽ ተሰማ ከደብረ ብርሃን መስመር ሊጠግን የወረደ ቀን ጉሙ ሰው ከሰው አያሳይም ነበር። ፎርማን ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ።

"ይሄን ቦኖ የሚዘጋው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"እስቲ ዝጊው።"

ዘጋሁት። እሱ ተንበርክኮ ያቺን ብረት ቧንቧው ላይ አስደግፎ ያዳምጥ ነበር።

"ማን አሳየሽ?"

"ማንም። ሲጮህ ደስ አይለኝም።"

ቀና ብሎ አየኝና፣ "ደብረ ብርሃን ብትሠሪ ምን ይመስልሻል?" አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ጉሙ ገባ። የቅጥር ደብዳቤዬ በሦስተኛው ወር መጣ።

ጋሽ ተሰማ ቧንቧ ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠባል። መስክ ላይ ውሃ ከሌለ ከኮዳው አፍስሶም ቢሆን ይታጠባል። "ሰው የሚጠጣውን ነው የምትነኪው" ይለኛል። ቫልቭ ሲከፍት ዙሩን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዙሮች በጣም ቀስ ብሎ ያዞርና ቆም ይላል፤ መስመሩ ውስጥ የታመቀው አየር እስኪወጣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሰው ቸኩሎ ሲከፍት ካየ ያ ሁሉ ጭምትነቱ ይጠፋና መፍቻውን ከእጁ ይነጥቀዋል። ብረቷን ከጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ነው የሚያደርጋት። ደህና መስመር ዝቅ ያለ፣ እርጥብ ድምፅ አለው። የሚያፈስ መስመር ግን ቀጭን ፉጨት አለው፤ ፉጨቱ ወደሚበረታበት እየተከተልክ ከሄድክ የተሰበረውን ቦታ ሳትቆፍር ታገኘዋለህ። ያን ፉጨት ከመኪናውና ከነፋሱ ለይቼ እስክሰማ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። የሰማሁት ቀን ጋሽ ተሰማ ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ። ሌላ ምስጋና አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አያደርግም፤ አይጽፍም። የተቀበሩት ቫልቮች ሁሉ ያሉት በእሱ ራስ ውስጥ ነው። ከሥጋ ቤቱ ደፍ ወደ ባሕር ዛፉ ሰባት እርምጃ፣ ከድልድዩ ጫፍ ወደ ግራ አሥራ አራት። እርምጃውም የእሱ እርምጃ ነው፤ እኔ አጭር ስለሆንኩ የእሱ ሰባት ለእኔ ዘጠኝ ይመጣል። ቢሮ ያለው ካርታ የቫልቮቹን ግማሽ አያውቃቸውም። እኛ የመስክ ሰዎች ይህን እንደ ጥፋት አናየውም ነበር። ቢሮ የተቀመጡት የሚያከብሩን በዚያው ብቻ ነው፤ ሲጨንቃቸው መኪና ልከው ከቤታችን ያስወስዱናል። ጋሽ ተሰማም በራሱ ያለውን አንድ በአንድ ወደ እኔ ራስ አሻገረው፤ በእግር እያስኬደ፣ በቃል እያስጠና።

ስምንተኛ ዓመቴ ላይ የስርጭት ቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነና ማስታወቂያ ወጣ። ዲፕሎማ ይጠይቃል፤ ጋሽ ተሰማ ደግሞ የለውም። እኔና የሥራ ባልደረባዬ በላቸው የማታ ተምረን በአንድ ዓመት ነበር የያዝነው። በላቸው ጨዋታ የሚያውቅ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነው፤ እጁ ግን ከባድ ነው። የያዘውን ሁሉ በሙሉ ጉልበቱ ያዞራል፣ ስንት ቫልቭ አንገቱን እንደሰበረ እኔ ነኝ የማውቀው። ቦታው የእኔ ነው ብዬ ነበር፤ ለእናቴም ጎረቤላ ድረስ መልእክት ልኬላት ነበር።

ሰሌዳው ላይ የበላቸው ስም ወጣ።

ከንብረት ክፍሉ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ጋሽ ተሰማ ተከትሎኝ መጣ፣ ጎኔ ቆመ።

"ተይው" አለኝ። "ብረት ሲሰብር ከሚውል ቢሮ ገብቶ ወረቀት ቢቀድ ይሻላል።"

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ያኔ ብረቷን አቀበለኝ፤ ለማንም አስነክቷት የማያውቀውን። "ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት" አለኝ። ሲሰጠኝ ወደ እኔ አላየም። ሳለቅስ እንዳያየኝ ብሎ ነው አልኩና የበለጠ ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ ለምን እንደተውኝ ማሰላሰል ጀመርኩ፣ ማሰላሰሉም ሥራ ሆነብኝ። በላቸው ዞን ላይ አጎት እንዳለው ሰማሁ፤ እሱ ነው አልኩ። ሴት ስለሆንኩ ነው አልኩ። ከአንኮበር የመጣሁ፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለኝ ስለሆንኩ ነው አልኩ። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጻፍኩ፤ "ውሳኔው አግባብነት ያለው ሆኖ አግኝተነዋል" የሚል የአንድ መስመር መልስ መጣልኝ።

ሁሉም ግምቴ ከንቱ ነበር እንዳይባል፣ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ቦታ ስወዳደር የኮሚቴው አንዱ አባል፣ "ክረምት ሲሆን ሴት ልጅ መስክ ትወጣለች ወይ?" ብሎ ፊት ለፊቴ ጠይቋል። ጫማዬ ላይ የዚያን ጠዋት ጭቃ ነበረ። እግሬን ወደፊት ዘርግቼ አሳየሁት። ሌሎቹ ሳቁ፣ ቦታው ግን ለሌላ ሰው ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ፊቴን አዙሬ ማለፍ ለመድኩ።

ነገሩን የያዝኩበት መንገድ ግን ጥሩ አልነበረም። በላቸውን ሰላም ማለት አቆምኩ። "ወይንሸት፣ ምን አጠፋሁ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ምንም አልኩት። እናቱ ስትሞት መላው መሥሪያ ቤት ለቅሶ ሲሄድ እኔ አልሄድኩም። አገራችን ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። ለራሴ ደግሞ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ የታዘዝኩትን እሠራለሁ፣ ያልተጠየቅሁትን አልናገርም። ጋሽ ተሰማ ጡረታ ወጥቶ፣ ኋላም አርፎ፣ የቫልቮቹ ሁሉ መገኛ እኔ ዘንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። የሚያስፈልጋቸው ቀን ይመጣል፣ ያኔ ያውቁኛል እያልኩ ያን ቀን ስጠብቅ ዓመታት ሄዱ።

ቀኑ መጣ። ከወለጋ የተፈናቀሉት ገበሬዎች ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገቡ በኋላ፣ ለእነሱ ቦኖ የሚሄድ መስመር ቀጥለንላቸው ነበር። ዋናው ቧንቧ አንድ ጠዋት ተሰበረ። ቡድን መሪው አሁንም በላቸው ነው፤ ካርታውን መኪናው ላይ ዘርግቶ ላይኛውን ቫልቭ አስዘጋ። ውሃው አልቆመም። ከሌላ በኩል የሚገባ አለ፣ እሱን የሚዘጋው ደግሞ የሥጋ ቤቱ ቫልቭ ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ተሸፍኗል፣ ካርታው ላይ የለም። እኔ ከቫልቩ በላይ፣ ልክ በላዩ ላይ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ነበር።

"ሌላ ቫልቭ የሚያውቅ አለ?" አለ በላቸው፣ ወደ ሁላችንም።

ስሜን አልጠራም። ስሜን ቢጠራው እናገር ነበር እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ዝም አልኩ።

ሲጨንቀው ውሃውን ከማጠራቀሚያው አስዘጋው፣ መስመሩ እስከ ታች ድረስ ባዶ ሆነ። የተሰበረው ተጠገነና መልሶ ሲከፈት ያ ከባድ እጅ በአንዴ ለቀቀው። የታመቀው አየር መውጫ አጥቶ ወደ መጠለያው የሚሄደውን ቧንቧ ሦስት ቦታ አፈነዳው። መጠለያው አራት ቀን ውሃ አጣ። በላቸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ከጫነ ቦቴ ጋር ወደ መጠለያው ሄድኩ። ቦኖዋን የምትጠብቀው ዘሪቱ የምትባል፣ ባሏን አገሯ የቀበረች ሴት ናት። ያን ቀን ዐይኗ ቀልቷል። ሰዉ ከወንዝ እየቀዳ ሲጠጣ ልጆቹን ተቅማጥ ያዛቸው፤ የእሷ ልጅ ጤና ጣቢያ ተኝታ ግሉኮስ ተሰክቶላታል።

"እትዬ" አለችኝ፣ "ያ ቧንቧ ከመፈንዳቱ በፊት ያጉረመርም ነበር እኮ። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቼዋለሁ። ለማን ልንገር? ማን ይሰማኛል?"

እሷ የሰማችውን የምትነግረው ሰው አጥታለች፣ እኔ ግን የማውቀውን አፌ ውስጥ ይዤ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ዳነች፣ እግዜር ይመስገን። ባትድን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር።

ዘሪቱን በቀን ሠራተኛነት ወደ እኛ አስገባኋት። መጀመሪያ ህሊናዬን ላሳርፍ ብዬ ነው፣ ኋላ ግን ስለ ሥራዋ ሆነ። እኔ ሁለት ክረምት የፈጀብኝን ፉጨት እሷ በአንድ ክረምት ለየችው። እጇን ሳትታጠብ ቧንቧ አትነካም። ዙሩን ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ቫልቮቹን እያስኬድኩ አስጠናኋት፣ እንደተማርኩት፣ በቃል። ውላ አድራ የኮንትራት ሠራተኛ ሆነች። በላቸው ጡረታ ሲወጣ ቦታው ለእኔ ተሰጠ፤ "ተጠባባቂ ቡድን መሪ" የሚል ደብዳቤ ነው የደረሰኝ። ቋሚው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አልመጣም። ተጠባባቂ እንደሆንኩ ነው የወጣሁት።

ጡረታዬ ሊደርስ አንድ ክረምት ሲቀረው የፓምፕ ጣቢያ ኦፕሬተር ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ወጣ። ቋሚ ቅጥር ነው፤ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ቤት አለው። ዘሪቱና ልጇ አሁንም መጠለያው ውስጥ ላስቲክ ሥር ነበሩ። አመለከተች። ምዘናውን የምሞላው የቅርብ ኃላፊዋ፣ እኔ ነኝ።

ቅጹን ይዤ ሁለት ቀን ዋልኩ። ክረምቱ እየገባ ነው፤ በክረምት መስመሩ ስንት ቦታ እንደሚበጠስ አውቃለሁ። ጉልበቴ ታሞ መንበርከክ አቅቶኛል። የሚሰማልኝ ጆሮ የእሷ ብቻ ነው። እሷ ፓምፕ ጣቢያ ከሄደች እኔ እነማንን ይዤ ነው የምወጣው? ለአንድ ክረምት ብቻ፣ አልኩ። የሚቀጥለው ማስታወቂያ ሲወጣ እኔ ራሴ እገፋላታለሁ። ነጥቧን ዝቅ አደረግሁና ከሥር ጻፍኩ፦ "ሠራተኛዋ ትጉህ ናት። ለኃላፊነት ግን ገና ናት፤ ባለችበት ብትቆይ ክፍሉን ትጠቅማለች።" ፈረምኩ።

ስሟ ሳይወጣ ሲቀር ወደ እኔ መጣች። አላለቀሰችም።

"ተፈናቃይ ስለሆንኩ ነው አይደል፣ እትዬ? ነገ አገሯ ትመለሳለች ብለው ነው።"

"ምን አውቃለሁ" አልኳት። "እነሱ መቼ ሰው ያያሉ።"

ከዚያ ብረቷን ከትከሻ ቦርሳዬ አወጣሁ። "ይህቺ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት" አልኳትና ወደ መኪናው አቅጣጫ አየሁ። አመሰገነችኝ። እጄንም ሳመችኝ።

ክረምቱ አለፈ። የጡረታ ወረቀቴ ሲዘጋጅ የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ ትዕግስት ትባላለች፣ የጎደለ ደብዳቤ እንድፈልግ የግል ማኅደሬን ሰጠችኝ። እኛ ሥራ ከጀመርንበት ዘመን ጀምሮ ምዘና ለሠራተኛው አይታይም፤ ምስጢር ነው። ወረቀቱን ሳገላብጥ የዚያ የመጀመሪያው ውድድር ቅጽ ብቅ አለ። ጽሕፈቱን ወዲያው አወቅሁት፣ ያ የማይጽፍ ሰው ግድ ሲሆንበት ፊደሎቹን እየለያየ በትልቁ ነበር የሚጽፈው። "ሠራተኛዋ ጎበዝ ናት። ለአለቅነት ግን ገና ናት። ባለችበት ብትቆይ ለሥራው ይበጃል።" ከሥሩ የጋሽ ተሰማ ፊርማ።

"እትዬ፣ ምነው? አመመሽ?" አለች ትዕግስት።

አላመመኝም። ሃያ ምናምን ዓመት የተሸከምኩት ቂም ባለቤት አጥቶ እጄ ላይ ቀረ። የበላቸው አጎት አይደለም። ኮሚቴው አይደለም፣ ያኔስ አይደለም። የሰጠኝ ብረት መጽናኛ አልነበረም፣ የሠራብኝን የሚያውቅ ሰው ካሳ ነበር። ይህን እንዴት በአንዴ አወቅሁት? እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁና ነው። ቃሉን፣ ስጦታውን፣ ፊት ማዞሩን ሳይቀር። ጋሽ ተሰማ እጅ መታጠብን ሲያስተምረኝ ያንንም አስተምሮኝ ነበር። ተናደድኩበት፣ በሞተ ሰው ላይ እንዲያ ይናደዳሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ናፈቀኝም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነብኝ።

ከመዝገብ ቤት ወጥቼ በቀጥታ በላቸው ቤት ሄድኩ። እናቱ በሞተች ጊዜ ልሄድበት ይገባኝ የነበረ በር ነው። በሩን ራሱ ከፈተው፣ ሸምግሏል።

"የእናትህን ነፍስ እግዜር ይማር" አልኩት።

"አሁን?" አለ። ቀጥሎም ሳቀ፣ ያው የድሮ ሳቁ ነው። "ግቢ፣ ግቢ።"

የማኅደሩን ነገር ስነግረው አልገረመውም። "አንቺ ሴትዮ፣ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ። 'ወይንሸትን አትንኩብኝ፣ እሷ ከሄደች እኔ ጆሮ የለኝም' ብሎ ኮሚቴው ፊት ሲናገር ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔን ግን 'ይሄን ውሰዱልኝ' ነው ያለው።"

"የሥጋ ቤቱን ቫልቭ ያን ቀን አውቀው ነበር" አልኩት።

"በላዩ ላይ ቆመሽ ነበር። ኋላ ሲቆፈር አየሁት።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ስምሽን ጠርቼ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ እምቢ ብትዪኝ ሰው ፊት እዋረዳለሁ ብዬ።"

ከእሱ ቤት ስወጣ የቀረኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ እሱም ላስቲክ ነው። ዘሪቱ ልጇን ታጥባት ነበር። ከደጅ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅጹን፣ ነጥቡን፣ የጻፍኩትን ቃል በቃል፣ የሥጋ ቤቱን ቫልቭም። ስነግራት የልጅቷን እግር ማጠቧን አላቋረጠችም። ስጨርስ ውሃውን ደፋች።

"ይቺ ልጅ ክረምቱን እዚህ ነው ያሳለፈችው" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እነዚያን ሰዎች ስረግማቸው ሰምተሽ ዝም አልሽ።"

"አዎ።"

ወደ ውስጥ ገብታ የልጇን ደብተርና እስክሪብቶ አመጣች። "አሁን ያልሽውን ጻፊው። ፈርሚበት።"

ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። ለእሷ ያለ ጥፋቷ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠሁት ለራሴ ስለፈለግኋት እንደሆነ፣ ከዚህ በላይ ምክንያት እንደሌለኝ ጻፍኩ። አንብባ አጠፈችው። ከዚያ ብረቷን ከጥግ አንስታ ዘረጋችልኝ።

"ይህቺን ውሰጂ። እኔ ያለ እሷም እሰማለሁ።"

ቅሬታ ሰሚው ደብዳቤውን ተቀብሎ የይግባኝ ቀኑ አልፏል አለ፤ ማኅደሯ ውስጥ ግን አስገቡት። እኔ በወሩ ወጣሁ። ቀለበት ሸለሙኝ፣ ንግግር አደረጉልኝ፣ አንዱንም ቃል አልሰማሁትም። ቦታውን ያገኘው ልጅ ጥቂት ወራት ሠርቶ አረርቲ የተሻለ አግኝቶ ሄደ። ማስታወቂያው እንደገና ሲወጣ የዘሪቱን ምዘና ሌላ ሰው ሞላው። ዛሬ ፓምፕ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ናት፣ ልጇም ትምህርት ቤቷ ቅርብ ሆኖላታል። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ደህና ዋሉ" ትለኛለች። እትዬ ማለቱ ቀርቷል።

ስለዚህ ነው የምዞረው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፓምፕ ጣቢያው በታች ያለው የመጀመሪያ ቫልቭ ጋ እደርሳለሁ። ብረቷን ክዳኑ ላይ ተክዬ ላይ ሲከፈት ዙሩን አዳምጣለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ላይ ያለችው ሴት ቆም ትላለች። አየሩ ተንፍሶ ሲያልቅ ትቀጥላለች፤ ውሃው እርጥብ ድምፁን ይዞ ከሥሬ ያልፋል። ሲያልፍ እግሬ ትንሽ ያርፋል፤ ከዚያ መልሶ ይጀምረዋል።

በዚያው ዙረቴ ቫልቮቹን ሁሉ እየረገጥኩ ደብተር ላይ ጻፍኳቸው፤ ጋሽ ተሰማም እኔም ያላደረግነውን። ስጨርስ ሄጄ ለጣቢያው ዘበኛ ሰጥቼ፣ ለዘሪቱ ስጥልኝ አልኩት። ቢሮ ግን አልወሰድኩትም። በሳምንቱ ሳልፍ ዘበኛው ጠራኝ።

"እርምጃው የማን ነው ብላለች።"

"የእኔ ነው በላት።"

ገብቶ ተመለሰ፣ ደብተሩን ይዟል። "እኔ ከሳቸው እረዝማለሁ፣ ከኔ በኋላ የሚመጣውም ቁመቱ አይታወቅም፣ በሜትር ይጻፉልኝ ብላለች።"

ደብተሩን ተቀብዬ ወደ ገበያ ሄድኩና ሜትር ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት ከሥጋ ቤቱ ጀመርኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ የሜትሩን ጫፍ ደፉ ላይ ያዘልኝ፣ እኔ ወደ ባሕር ዛፉ እየጎተትኩ ሄድኩ። አምስት ሜትር ከሠላሳ ሆነ። ጻፍኩት።